የፊታችን ቅዳሜ ቢርስታት ተራራ እንወጣለን

የተከበራችሁ የዴንቨር ተራራ ወጪዎች፣

ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከተለመደው ቦታ ተነሥተን 4,287 ሜትር ከፍታ ያለውን ቢርስታትን እንወጣለን። የእግር መንገዱ የሚጀምርበት የጓኔላ ፓስ መኪና ማቆሚያ ገና ሳይነጋ ስለሚሞላ አንጠባበቅም። ደርሶ መልሱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚያሰጋ ከእኩለ ቀን በፊት ከጫፉ እንወርዳለን። ሦስት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና ቆሎ ያዙ።

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት ምን ይታያል?» ላላችሁኝ፦ እውነት ነው፣ ጫፉ ላይ ለፎቶ ሰልፍ አለ። አምና ሰልፉን ትቼ ድንጋዮቹ መካከል ብቀመጥ፣ ፒካ የምትባል፣ ጡጫ የምታህል የጥንቸል ዘመድ ለበረዶው ወራት ስንቅ የሚሆናትን አበባ በአፏ ይዛ ስትመላለስ አየሁ። ዘንድሮ እዚያው ሃያ ደቂቃ ያለ ስልክ፣ ያለ ወሬ እንድንቀመጥ አስቤአለሁ።

የምትመጡና በመኪናችሁ ትርፍ ቦታ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ።