ለደንበኞቻችን፦ ጥዳችሁን ሳናይ መድኃኒት ስለማንሸጥበት ምክንያት

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን አውቃለሁ። የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወደ ችግኝ ጣቢያችን መጣችሁ። እኛም "መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ግቢያችሁ መጥተን ዛፉን እንየው፤ የጉብኝት ክፍያ አለው" አልናችሁ። ፊታችሁ ጠቆረ። "ለማየትም ብር ይጠየቃል እንዴ?" ያሉ አሉ። "ድሮ በነጻ መጥተው ያዩልን ነበር፤ አሁን ጠገቡ" የሚል ነገርም ደርሶኛል። ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ተሰምታኛለች። ላስቀየምናችሁ ሁሉ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ጥድ ሲታመም ቶሎ አይናገርም። ጎመን ውሃ ሲጠማው በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ጥድ ሥሩ ተጎድቶም ወራት ሙሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ጉዳቱ የቆየ ነው፤ ምናልባት ባለፈው በጋ፣ ምናልባት ግቢው ሲደለደል የደረሰ። ቆርጣችሁ ያመጣችሁልን ቅርንጫፍ መሞቱን ይነግረናል። ምን እንደገደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም።

እኛ መጥተን መጀመሪያ የምንጠይቀው ድርቀቱ ከየት እንደጀመረ ነው። ከግንዱ አጠገብ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቀልተው ጫፉ ለምለም ከሆነ፣ አብሽሩ፤ ጥድም ዝግባም አሮጌ ቅጠላቸውን በየጊዜው ያራግፋሉ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ደርቆ ሌላው ደህና ከሆነ፣ ቅርፊቱ ላይ ቁስልና የሚንጠባጠብ ሙጫ እንፈልጋለን። አናቱ ከሳስቶ ዛፉ በሙሉ ከደበዘዘ ግን ዓይናችን ወደ መሬት ይወርዳል።

የፈረንጅ ጥድ ላይ ሌላም የምናየው አለ። ቅርንጫፉ እጅ ላይ የሚያጣብቅና ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ የያዘ ከሆነ፣ ክሽክሽ ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። ይህ የጥድ ክሽክሽ ከውጭ የገባ ተባይ ነው። በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማላዊ ውስጥ ታየ። በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በኋላም ወደ አገራችን ገባ። ሲመጥ የሚተፋው ምራቅ ቅርንጫፉን ስለሚመርዝ፣ ተባዩ ከሄደ በኋላም ድርቀቱ ይቀጥላል። እናም የደረቀው ቅርንጫፍ ላይ ክሽክሹን ላናገኘው እንችላለን። አሁን ያለበት ገና አረንጓዴ በሆነው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ቆርጦ አያመጣልንም።

ደሴ ላይ ግን እኔ ያየሁት ትልቁ የጥድ ጠላት ተባይ አይደለም፤ ግንባታ ነው። ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። ቤት ስንሠራ ላይኛውን ቆርሰን ታችኛውን እንሞላለን፣ ከዚያ ድጋፍ ግንብ እናቆማለን። ከላይ በኩል ያለው ጥድ ሥሩ ይቆረጣል። ከታች በኩል ያለው አንገቱ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ በአፈር ይቀበራል። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። በላያቸው ላይ ሌላ አፈር ሲከመር አየር ያጥራቸዋል። ከዚያ ደግሞ ሊሾ ወይም ታይል እስከ ግንዱ ድረስ ይገባል። የሲሚንቶ እጣቢው፣ የኦሞውና የበረኪናው ውሃ ወደዚያው ይፈሳል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ሲረጩበት ቢውሉ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ብራችሁ ይሄዳል፣ ልጆቻችሁ መርዙን ይተነፍሱታል፣ ንቦቹ ያልቃሉ፣ ጥዱም ይደርቃል።

"ሌላ ቦታ እኮ በሃይላንድ ቀድተው ይሸጡልናል" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እኛም ብንሸጥ ትርፉ ከጉብኝቱ ይበልጥልን ነበር። አንድ ጠርሙስ ለመቅዳት ነዳጅ አይጠይቅም።

ስለ ወጪው ካነሳሁ ልቀጥል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ መጋዙ፣ የመርጫ መሣሪያው፣ የችግኝ ፕላስቲኩ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነገር ጨምሯል። ነዳጁን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መመለስ ግን ለሞተር ቀላል አይደለም። ከእኔ ጋር የሚወጡት ልጆችም ቤተሰብ አላቸው። አንድን ዛፍ በደንብ ለማየት፣ አንገቱን ቆፍሮ ለማውጣት፣ ቅርፊቱን ፋቅ አድርጎ ለመመርመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይሄ ሥራ ነው። ደሴ ውስጥ 400 ብር፣ ኮምቦልቻ 700 ብር ያልነው ለዚህ ነው። ሥራውን ለእኛ ከሰጣችሁን ገንዘቡ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ዛፎች አናስከፍልም፤ ያ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፣ አይነካም።

ይህን ችግኝ ጣቢያ አባቴ ቦርከና ዳር በተከራያት ቁራሽ መሬት ላይ ጀመረው። ዛሬ ግቢያችሁ ውስጥ ከቆሙት ጥዶች ብዙዎቹን በእጁ ያፈላው እሱ ነው። በ2014 ጦርነት ፓምፑም፣ የጥላ መረቡም፣ ችግኙም ሲጠፋ መልሳችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ። ችግኝ ሳያስፈልጋችሁ መጥታችሁ የገዛችሁን አሉ። ይህን አልረሳም። ታዲያ እንዲህ ላደረገልኝ ሰው የማይሠራ መድኃኒት ቀድቼ መሸጥ እንዴት ይሆንልኛል?

እስክንመጣ ድረስ ያለ ክፍያ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ። ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ግንዱ ላይ የተከመረውን አፈር ሥሩ መስፋት እስከሚጀምርበት ድረስ በእጅ ግለጡ፤ ዶማ ሥሩን ይጎዳል። ውሃ ግንዱ ሥር በየቀኑ አታፍስሱ። ቅርንጫፎቹ በሚያበቁበት ዙሪያ አልፎ አልፎ በደንብ አጠጡት፤ አፈሩ ጭቃ ከሆነ ጭራሽ ተዉት። በላዩ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። ክሽክሽ ካያችሁ በጎማ ውሃ በኃይል እጠቡት፣ ቀጥሎ ስስ የሳሙና ውሃ ርጩበት። ዩሪያ አታድርጉበት፤ የተጎዳ ሥር ያቃጥላል።

ደግሞ ለማሳመር ብላችሁ ቅርንጫፉን ቅጠል እስከሌለው እንጨት ድረስ አትከርክሙት። ጥድ ከዚያ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ክፍተቱ እንደዚያው ይቀራል። የሞተውን ብቻ ቁረጡ።

በዚህ ሁሉ ወዲያው ለውጥ አትጠብቁ። ሥሩ አዲስ አፈር እስኪይዝ አንድ ክረምት ያልፋል፤ እኛም ከክረምት በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሰን እናየዋለን።

አሁን ልለምናችሁ። ጥዳችሁ ቀልቶ "ይቆረጥ" የሚል ሐሳብ ቤት ውስጥ ከተነሳ፣ መጋዝ ያለውን ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ደውሉልን። ክፍያው የሚከብዳችሁ ካላችሁም ሱቅ መጥታችሁ ለእኔው ንገሩኝ፤ እንነጋገራለን። ጠዋት ጠዋት እዚያው አለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባለቤት
ደሴ