ገመዱን ያዢላት

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ ብርዱስ እንዴት አደረገሽ፣ ባልሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ጅማ ዝናቡ አሁንም አላባራም፣ አባትሽም ጉልበቱ ሻል ብሎት ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጣ እያለ ነው።

በቴሌግራም የላክሽውን ቮይስ ደጋግሜ ሰማሁት። ጓደኛሽ እዛው ስኮትላንድ ኤድንብራ በፓጋን ስርዓት፣ የጥንት አማልክትን በሚያከብሩት ሰዎች ስርዓት ማለት ነው፣ ልታገባ ነው፣ የሷና የልጁ እጅ በገመድ ሲታሰር አንቺ ገመዱን ይዘሽ እንድትቆሚላት ለምናሻለች፣ አንቺ ደግሞ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብለሽ ፈርተሻል። በቮይስ ልመልስልሽ አስቤ ነበር ግን ነገሩ ሰፋ ስላለብኝና አንቺንም የሚመለከት ስላለበት ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሂጂና ያዢላት። የአማልክት ስም ሲጠራ አሜን ማለት አይጠበቅብሽም፣ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ከፈለግሽም በልብሽ አባታችን ሆይ በይ። ደሞ አንቺ ጅማ ያደግሽ ልጅ ነሽ እኮ፣ የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ኒካህ ሲታሰር ሽንኩርት ስንከትፍ ያደርነው እኛ አይደለን? ለኛ ለክርስቲያኖቹ ስጋው ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሰርቶ አልነበር? ያንቺ ክርስትና ቀንም ቡናውን ቆልተው ሲያፈሉ የዋሉት እነሱ ናቸው። ሃይማኖታችን አልተቀላቀለም፣ ደስታቸው ላይ ግን ቆመናል፣ እነሱም ደስታችን ላይ ቆመዋል።

ቮይስሽን ከሰማሁ ወዲህ ስለነዚህ ፓጋን ስለሚባሉት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የሰነበትኩት፣ ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ልጄ ገመድ ልትይዝ ነው ስትባል ሳላጣራ አልቀመጥም። እዛ እናንተ አገር ያለው በብዛት በፈረንጅ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሰባሰበ ነው፣ ጥንቆላን የሚመለከተው የድሮ ህግ በ1951 ሲሻር ጄራልድ ጋርድነር የሚባል ሰውዬ በግልጽ ወጥቶ ጻፈ፣ ከዛ በኋላ ሰው እየበዛ ሄደ። አይስላንድ ውስጥ ደሞ በ1972 የጥንት አማልክታቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ማህበር አቋቁመው በዓመቱ መንግስት አወቃቸው፣ ዛሬ በህግ ያጋባሉ፣ ለህጻን ስም ያወጣሉ፣ ይቀብራሉም። የገመዱ ነገር ሲታይ ስኮትላንድ ውስጥ ጥንትም እጅ ለእጅ ተያይዞ ቃል መግባት ነበር፣ እንዲያውም ያለ ቄስ በምስክር ፊት ባልና ሚስት ነን ብሎ መናገር ብቻ እስከ 1940 ድረስ በህጋቸው ጋብቻ ነበር። ገመድ ማሰሩና አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ምናምን የሚሉት ግን በአብዛኛው ኋላ የተጨመረ ነው። አዲስ ስለሆነ የውሸት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ሰው የሚሻገርበት ስርዓት ሲያጣ ካገኘው ሰብስቦ ይሰራል፣ መብቱም ነው።

ልጅ ሲወለድላቸው ብዙዎቹ ህጻኑን ይዘው ወደ ምስራቅ ወደ ደቡብ ወደ ምዕራብ ወደ ሰሜን ያዞሩታል፣ ለነፋሱ ለእሳቱ ለውሃው ለመሬቱ ያስተዋውቁታል፣ ሃይማኖቱን ግን አድጎ ራሱ ይመርጣል ይላሉ። ይሄ ላይ አልስማማም፣ አንቺን በ80 ቀንሽ ቤተክርስቲያን ይዤሽ ስገባ እስክታድጊ መጠበቅ የሚባል ነገር በሀሳቤም አልመጣ። ግን ህጻኑን አውጥቶ ይኸው መጣ ማለቱ ይገባኛል፣ ጎረቤቶቻችንም ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን ይሉለታል፣ በ7ኛው ቀን ፀጉሩ ተላጭቶ ስም ይወጣለታል። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው።

አርኖልድ ቫን ጌኔፕ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጅ በ1909 የጻፈው አለ፣ የትም አገር ይሁን እንዲህ አይነት ስርዓት ሶስት ደረጃ አለው ይላል፣ መጀመሪያ ሰውየውን ከነበረበት ይለዩታል፣ ከዛ መሃል ላይ ያቆዩታል፣ በመጨረሻ አዲስ ሰው ሆኖ ተመልሶ ይቀላቀላል። ይሄን ሳነብ የኛን አሰብኩት። አራስ ከሰው ተለይታ ጓዳ ትገባለች፣ ገንፎዋን እየበላች ሰው እየጠየቃት ትሰነብታለች፣ ክርስትናው ቀን ነው ልጇን ይዛ ወደ አደባባይ የምትወጣው። ሙሽራም የእናት አባቷን ጉልበት ስማ እያለቀሰች ትወጣለች፣ ጫጉላ ትገባለች፣ ከዛ በመልስ ወደ እናቷ ቤት ስትመጣ የወጣችው ልጅ አይደለችም፣ ባል ያላት ሴት ሆና ነው የምትገባው። ሀዘንም ላይ እንዲሁ ነው፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሳልስት፣ 40፣ ሙት ዓመት እያለ ሀዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሰው ይመለሳል። ፓጋኖቹም በጥቅምት 21፣ በነሱ ኦክቶበር 31 አካባቢ፣ ለሞቱባቸው ዘመዶች ማዕድ ላይ ቦታ የሚተዉ አሉ።

የኦሮሞን የገዳ ስርዓትም ታውቂያለሽ፣ በየ8 ዓመቱ ሰው ከእርከን ወደ እርከን ይሻገራል፣ ስልጣን ማስረከቡ ራሱ ስርዓት ነው፣ ዩኔስኮም በፈረንጅ በ2016 መዝግቦታል። እዚህ በጊቤ በኩል ነገስታቱ ሲነሱ ገዳ ደከመ እንጂ ድሮ የአገሩ ነበር፣ ጅሬን ስንወጣ የምናየው የአባ ጅፋር ቤተመንግስት የነዛ ነገስታት ነው። በአርሲ በኩል ደሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባለውን በትር ትሰጣታለች፣ ባሏ ቢበድላት በትሯን ይዛ ስትወጣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የየራሱን ሲንቄ ይዞ ይከተላታል፣ ካሳና እርቅ ሳይወርድ አይመለሱም። አየሽ፣ የሰርግ ቀን የተሰጣት ነገር ከዓመታት በኋላ ይቆምላታል።

ሁሉም የድሮ ነገር ይቀመጥ ማለቴ ግን አይደለም። የሐመር ልጅ ጎን ለጎን በቆሙት ከብቶች ላይ ሮጦ ሰው ሲሆን ማየት ያስደንቃል፣ ዘመዶቹ ሴቶች ጀርባቸው እስኪደማ መገረፋቸው ግን ምንም ቢባል አይዋጥልኝም፣ እነሱ ወደን ነው ቢሉም። የሴት ልጅ ግርዛትማ አታንሺብኝ፣ ህግም ከልክሎታል ይክልከለው፣ አንቺን ማንም እንዳይነካሽ ከዘመድ ጋር እስከመኳረፍ ደርሻለሁ፣ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሁለት ነገር ነው። ፓጋኖቹ ጋ ፍቺም ስርዓት አለው፣ ተስማምተው ሲለያዩ ያው ሰዎች ፊት ቆመው ያንን ገመድ የሚፈቱ ወይም የሚቆርጡ አሉ። አክስትሽ ከባሏ የተለየች ጊዜ ታስታውሺያለሽ፣ ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ሲመሽ ሰው እንዳያያት ብላ ነው እኛ ቤት የገባችው፣ ስታገባ 300 ሰው የበላላት ሴት ስትፈታ አንድ ሰው አይዞሽ ብሎ ደጇ አልቆመም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይኸው ጨርሳለች፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እንጠራታለን ቢላት ኖሮ እነዛን ዓመታት ተሸፋፍና አታሳልፍም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው የሴት እርጅና ነው፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሴቶች ተሰብስበው አዛውንት መሆኗን የሚያከብሩላት ስርዓት አላቸው፣ መሃል ትቀመጣለች፣ አንዳንዶቹ ዘውድ ይደፉላታል፣ ህይወቷን ታወራለች፣ ወጣቶቹ ይጠይቋታል። እኛ ጋ ይሄ ለማንም አይወራም፣ ሙቀቱም እንቅልፍ ማጣቱም ጓዳ ነው የሚቀረው። አንቺ እዚህ ብትሆኚ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ቡና አፍልቼ በግልጽ ባወራበት እወድ ነበር፣ አሁንም አደርገዋለሁ፣ ቀኑን እነግርሻለሁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ያገባሽ ቀን ደውለሽ ፈርመን ወጣን፣ ነገ ስራ እገባለሁ አልሽኝ። እልል አልኩልሽ፣ አባትሽም መረቀሽ፣ አልተቀየምንሽም፣ ወጪውንም ወረቀቱንም እናውቃለን። ግን የጓደኛሽን ነገር ስታወሪ ድምፅሽ ውስጥ የሰማሁት አለ፣ ለሷ ገመድ የሚይዝላት ሰው አላት አልሽ፣ ከዛ ዝም አልሽ። ልጄ አንቺም አለሽ። ሰርግ ይደገም አላልኩም፣ የጎደለሽ መልሱ ነው፣ ወጥተሻል፣ ተመልሰሽ አልገባሽም። ለፋሲካ ኑ። የባልሽ እናትና አባት መምጣት ከቻሉ እነሱም ይምጡ፣ ካልቻሉ ሶስት ሽማግሌ እዚሁ ለሱ ወገን አቆምለታለሁ፣ የጎረቤታችን ባል አንዱ እሆናለሁ ብሏል። ጉልበት ትስማላችሁ፣ አባትሽ ይመርቃችኋል፣ ዶሮው ይሰራል፣ ለባልሽም የቤት ስም እናወጣለታለን።

ለጓደኛሽ አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና በሚመጣው ሰው እጅ ልኬላታለሁ፣ የሰርግ ስጦታ ነው በያት፣ እንዴት እንደሚቆላ አንቺ አሳያት። ስርዓቱ ካለቀ በኋላ ማን ምን እንዳለ፣ ገመዱን ማን እንዳሰረው፣ ምን እንደተሰማሽ ሁሉንም ጻፊልኝ፣ ቮይስ አይበቃኝም። የባልሽን የቁመትና የትከሻ ልክ ደግሞ በዚህ ሳምንት ላኪልኝ፣ ሸማኔው ከበዓል በፊት ስራ ይበዛብኛል ቶሎ ስጪኝ ብሎኛል።

እናትሽ