ከስብ ስለሚወጡ ሴሎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከሆድ ስብ የሚወጣ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) ለጉልበት ሕመም ፍቱን ነው የሚለው ወሬ አያትና ጣፎ አካባቢም እየተዛመተ ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አሠራሩን ይወቁ።

ተመጥጦ የወጣው ስብ በጨው ውሃ ተደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ኮላጅኔዝ የሚባል፣ ሴሎቹን አያይዞ የያዘውን ክር የሚፈታ ኢንዛይም ተጨምሮበት በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይናወጣል። ሴንትሪፊዩጅ በሚባል ፈጣን ማሽከርከሪያ መሣሪያ ውስጥ ሲሽከረከር ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ተፈላጊዎቹ ሴሎች ይዘቅጣሉ። ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ከቆየ ሴሎቹን ይጎዳል፤ ታጥቦ ካልወጣ ታካሚው ሰውነት ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ከወረደ ደግሞ ስቡ በቅጡ አይፈታም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈራችን ጄኔሬተር የሌለው ክፍል ይህን ሥራ ጨርሶ ባይነካው ይሻላል።

የዘቀጠውም ሁሉ ስቴም ሴል አይደለም፤ አብዛኛው የደምና የደም ሥር ሴል ነው።

ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ግን ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አውሮፓ ለክሮን በሽታ (የአንጀት ብግነት) ፊስቱላ፣ ማለትም በፊንጢጣ አካባቢ ለሚፈጠር ያልተለመደ ቀዳዳ የፈቀደችው፣ ከስብ በወጣ ስቴም ሴል የተሠራና በአንድ ሕክምና 120 ሚሊዮን ሴል የሚሰጥበት መድኃኒት፣ ተከታዩ ጥናት ጥቅሙን ስላላረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2024 ከገበያ ወጥቷል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከስባቸው የወጣ ሴል ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች እይታቸው ክፉኛ መጎዳቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። እጅግ ያሳዝናል፤ ሦስቱም ከፍለው ነው የተወጉት።

ስለዚህ ይጠይቁ፦ ስንት ሕያው ሴል ተቆጠረ? የባክቴሪያ ምርመራው ውጤት የታለ? ፈቃዱስ ለዚሁ ሥራ ነው? በጽሑፍ ካልመለሱልዎ አይክፈሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከኮተቤ