የህሞንግ ጨርቅ ማስታወሻ ዕቃ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሰሜን ቬትናም የተራራ መንደሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በዚያ የሚኖሩት የህሞንግ ብሔረሰብ ሴቶች የእጅ ሥራ ለቱሪስት የሚሸጥ ማስታወሻ ተደርጎ ብቻ መቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል።

ጨርቁ መጀመሪያውንም ለገበያ የታሰበ አልነበረም። ሄምፕ ከሚባለው ተክል ልጡ ይላጣል፤ ቃጫው ተሰንጥቆ ጫፍ ከጫፍ በእጅ ይቀጣጠላል፤ ተፈትሎ፣ በአመድ ውሃ ተቀቅሎ ይሸመናል። ከዚያ ሴቲቱ የመዳብ ምላስ ያለውን ብዕር የቀለጠ የንብ ሰም እያጠቀሰች መስመር በመስመር ትስልበታለች። ጨርቁ ከኢንዲጎ ቅጠል በተዘጋጀ ቀለም ደጋግሞ ተነክሮ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ሰሙ ይለቅና ሥዕሉ ከሰማያዊው መሐል ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የነካሪዋ ጣቶች ግን ሰማያዊ እንደሆኑ ይሰነብታሉ። በብዙ የህሞንግ ቤተሰቦች ሟች የሄምፕ ልብስ ለብሶ የሚቀበረው አያት ቅድመ አያቶቹ እንዲያውቁት ነው። ይህን ልብስ ማስታወሻ ብሎ ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሌላው ጉዳት የገበያው ነው። በሰሜን ቬትናም ባለችው የሳ ፓ ከተማ ገበያ ያው ሥዕል በማሽን የታተመባቸው የፋብሪካ ጨርቆች ከእጅ ሥራው ጎን ይሸጣሉ። ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ርካሹን ያነሳል፤ ወራት የደከመችው ሴት ዕቃዋን ይዛ ትመለሳለች።

ስለዚህ በቀጣዩ የጉዞ ዓምዳችሁ መለያውን በፎቶግራፍ አስደግፋችሁ አውጡልን፦ በሰም የተሠራው ሥዕል በጨርቁ ጀርባም ይታያል፤ የታተመው ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባው የደበዘዘ ነው።

አንባቢያችሁ