ጭጋጉን ቀንሶ አስኳሉን መለካት

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ለደብዳቤህ ሳልመልስ ዓመታት ነጎዱ፤ ሰበብ መደርደር እንደማትወድ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጥያቄህ ልግባ። «ከምድር ሲታይ ነጥብ ብቻ የሆነን የጅራታም ኮከብ አስኳል፣ ማለትም በመሃሉ ያለውን የበረዶና የአቧራ ጠጣር አካል፣ መጠኑን እንዴት ያውቁታል?» ብለኸኝ ነበር።

ነጥብ መሆኑስ ባልከፋ፤ የከፋው መሸፈኑ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ጋዝ ሆኖ አቧራ ይዞ ይወጣና አስኳሉን በጭጋግ ይጋርደዋል። ከምናየው ድምቀት አብዛኛው የጭጋጉ ስለሆነ፣ ደማቅ ሁሉ ትልቅ ነው ማለት አይደለም።

በርናርዲኔሊ-በርንስታይን የተባለውን ጅራታም ኮከብ ውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጅራታም ኮከቡ ከፀሐይ 3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ አምስት ምስል አነሣው። ተመራማሪዎቹ ጭጋጉ ከመሃል ሲርቅ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ከዳር ዳሩ አጠኑ፤ ያንኑ ሥርዓት በኮምፒውተር እስከ መሃል ዘርግተው ከምስሉ ቀነሱት። መሃል ላይ የተረፈችው የብርሃን ጭላንጭል የአስኳሉ ናት።

እሷም ብቻዋን አትበቃም። ትንሽ ነጭ አካልና ትልቅ ጥቁር አካል እኩል ብርሃን ሊመልሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሙቀቱም ይለካል፦ ጥቁር ነገር ብርሃኑን ውጦ መልሶ በሙቀት ጨረር ይተፋዋል። ቺሊ ያለው አልማ የራዲዮ ቴሌስኮፕ በዚህ መንገድ የአስኳሉን ስፋት (ዲያሜትር) 137 ኪሎ ሜትር ግድም አግኝቶት ነበር፤ የሀብል ምስል ሲታከልበት ወደ 119 ወረደ። የስህተት ወሰናቸው ስለሚነካካ ጠብ የለም። ዜናው ግን ወሰኑን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ሲያወራ ያናድደኛል! የአስኳሉ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከከሰል የጠቆረ ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የእንቅስቃሴው ልኬት ነው። የፀሐይ ብርሃን የውኃ ሞለኪውልን ሲሰብረው የሚቀረው ኦኤች (አንድ ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጅን ያለው ስባሪ) በዓይን በማይታይ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራል፤ ከዚያ ብርሃን በሴኮንድ ስንት ውኃ እንደሚወጣ ይሰላል። ያን ያህል ውኃ ለማመንጨት የሚያስፈልገው የበረዶ ስፋት ከአስኳሉ ገጽ ጋር ሲነጻጸር፣ ብዙዎቹ ጅራታም ኮከቦች ከገጻቸው ጥቂቱን ብቻ ሲያሠሩ ይገኛሉ። ሃርትሊ 2 የተባለው ጅራታም ኮከብ ግን የአስኳሉ ርዝመት 2 ኪሎ ሜትር ከምናምን ሆኖ ሳለ፣ ውኃው ከገጹ አቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2010 መንኩራኩር አጠገቡ ስታልፍ ምስጢሩ ታየ፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የበረዶ ቅንጣቶችን እያፈናጠረ ይወጣል፤ ውኃው ከገጹ ብቻ ሳይሆን በጭጋጉ ውስጥ ከሚንሳፈፉት ቅንጣቶችም ነበር የሚተነው።

በርናርዲኔሊ-በርንስታይን በ2031 ለፀሐይ ይቀርባል፤ ያኔም ከሳተርን ምህዋር ውጭ ስለሚሆን በዓይን አይታይም። መልስህን ግን እስከዚያ አታቆየው።

ወዳጅህ