ባትሪን እንደ በግ እየዳበስን እስከ መቼ?

ይድረስ፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ ለግብርና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ለትራክተርና ለከባድ መሣሪያ በሚሸጡ ባትሪዎች ላይ ሊጻፍ ስለሚገባው መረጃ

ክቡራን፣

አርሲ ኢተያ ላይ የትራክተር፣ የኮምባይነርና የዶዘር ኤሌክትሪክ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። አገሩ ከካዱ (ከጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት) ዘመን፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትራክተር የለመደ ስለሆነ ሥራ አላጣም። ክረምት ሲገባ የምጠራበት ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ የሞተሪኖም (ሞተር የሚያስነሳው ክፍል)፣ ባትሪ የሚሞላው የዲናሞም አይደለም፤ የባትሪ ነው። ያውም አዲስ የተገዛ ባትሪ።

ባለፈው ሰኔ የሆነውን ልንገራችሁ። ዝናቡ ጥሎ፣ ባለማሳው ወረፋ ይዞ፣ የአንድ ደንበኛዬ ትራክተር ቁልፉ ሲዞር “ጠቅ” ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ከተገዛ ገና አንድ ወሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አሳደርኩት፤ ነቅዬ ጥቂት ሰዓት ካሳረፍኩት በኋላ ስለካው 12.1 ቮልት አሳየኝ። ጤነኛና የሞላ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ማሳየት ነበረበት። ሞተሪኖውን ስንሞክር ደግሞ ከ9 በታች ወረደ። ሳጥኑ ላይ የተመታውን የፊደልና የቁጥር ድብልቅ በስንት ደላላና በስንት ስልክ ስናስፈታው፣ አሲድ ተሞልቶበት ከፋብሪካ የወጣው ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ቻርጅ ሳያይ ተቀምጦ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ ሰልፌት በሚባል ጠጣር ጨው ተሸፍኖ ደርቋል። ሻጩን ሌባ ልለው አልችልም፤ እሱም ኮዱን ማንበብ አያውቅም።

ታዲያ እኛ እንዴት ነው የምንመርጠው? በሚዛን። እውነቴን ነው። ሁለት ባለ 150 አምፔር (አምፔር-ሰዓት ማለታችን ነው፣ የሚይዘው መጠን) ባትሪ ጎን ለጎን አስቀምጠን አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ከፍ እያደረግን፣ ገበያ ላይ በግ ሽንጡን ዳብሶ እንደሚገዛ ሰው፣ ከበድ ያለውን እንወስዳለን። ከበድ ካለ እርሳሱ ብዙ ነው ብለን ነው። ዘዴው ብዙ ጊዜ አያሳፍርም፤ ግን በዚህ ዘመን ለዚህ ያህል ብር የሚገዛ ዕቃ እንዲህ መመረጥ ነበረበት?

ሁለተኛው ችግር ሻጮች እንደ ጀብዱ የሚጠሩት ቁጥር ነው፤ ሲሲኤ ይሉታል፤ ባትሪው በብርድ ሞተር ለማስነሳት የሚሰጠው አምፔር ማለት ነው። የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ብርድ ነው። በአሜሪካኖቹ አለካክ ባትሪው ያን አምፔር 30 ሴኮንድ ሲሰጥ ቮልቱ ከ7.2 መውረድ የለበትም፤ አውሮፓውያን ደግሞ በ10 ሴኮንድ 7.5 ይጠይቃሉ። የጥንቱ የጀርመን አለካክ ለዚያው ባትሪ ሌላ፣ በጣም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። በየትኛው እንደተለካ ካልተጻፈ “ባለ 900” እና “ባለ 600” ማወዳደር ከንቱ ነው። ደግሞስ በባሌ ሮቤ የኅዳር ንጋት ኮምባይነር የሚያስነሳ ሰው ብርድ ያውቃል እንጂ ያን ያህል ብርድ የት አይቶ? መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚያርሰውማ ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ሲሲኤውን ለማብዛት ብዙና ስስ ሰሌዳ የተጠቀጠቀበት ባትሪ ደግሞ በቆላ ሙቀትና በማሳ ንዝረት ቀድሞ የሚሞተው ነው። ለቆላ ወፈር ያለ ሰሌዳ፣ ውሃ የሚጨመርበት ክዳን፣ ጥግግቱ (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ) ከ1.28 ይልቅ ወደ 1.24 ዝቅ ያለ አሲድ ይሻላል። ሻጩ “ድራይ ነው፣ ውሃ አይፈልግም” ሲል ገዢው ደስ ይለዋል፤ ውሃው ሲተን ግን የሚሞላበት ቀዳዳ የለም።

ንዝረትን ካነሳሁ፣ በአውሮፓ ደረጃ ባትሪዎች በንዝረት አቅማቸው ከቪ1 እስከ ቪ4 ይመደባሉ። ለዶዘር የቤት መኪና ባትሪ የሸጠ ሰው አይጠየቅም፤ ሁለቱም “12 ቮልት” ተብለዋልና። የጨረታ ሰነዶችም ከዚህ አይሻሉም። በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ያየሁት ዝርዝር “12 ቮልት፣ 200 አምፔር፣ ብዛት 4” ይላል፤ አለቀ። በዋጋ ያነሰው ያሸንፋል፤ ዶዘሩ ይቆማል።

ጥፋቱ ሁሉ የነጋዴው ነው ብዬ አልዋሽም። ባለ 24 ቮልት መሣሪያ ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ቀይረው “አዲስ አደረግነው” የሚሉ አሉ። ዲናሞው አሮጌውንና አዲሱን እኩል መሙላት አይችልም፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይጠግባል፤ ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ይሄዳሉ። ሾፌሮቻችንም ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ለቴፕና ለሞባይል መስመር እየሳቡ ያንኑ በደል ይፈጽማሉ። ይህን እኛ በጋራዥ እናስተካክላለን። መለያ ወረቀቱን ግን ከእናንተ በቀር የሚያስተካክል የለም።

የምጠይቀው ይኸውና። ማንኛውም የሚገባ ባትሪ የተመረተበት ወርና ዓመት በግልጽ ቁጥር ይጻፍበት። አሲድ እዚህ የሚሞላበት ከሆነ የተሞላበት ቀንም ይጨመር፤ ረጅም የባሕር ጉዞ ለሚያደርግ ዕቃ አሲድ ያልተሞላበትን አምጥቶ እዚህ መሙላት ራሱ ይመረጣል። አምፔሩ በስንት ሰዓት እንደተለካ፣ ሲሲኤው በየትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ የንዝረት ምድቡም ይታወቅ። አይኢሲ 60095 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ማስነሻ ባትሪ ነው፤ አዲስ ነገር ፍጠሩ አላልኩም። ዋስትናውንም እዩልን፤ የስድስት ወር ዋስትና ለታክሲ ነው፤ ትራክተር ሁለት ሦስት ወር አርሶ ይቆማል፣ ዋስትናው ቆሞ ሳለ ያልቅበታል።

የሰኔው ባትሪ አሁንም ጋራዤ ውስጥ አለ፤ ኮዱ አልጠፋም። ባለሙያ ብትልኩ የለካሁበትን ደብተር ጨምሬ አስረክባለሁ፤ ግንቦት ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የእርሻ መሣሪያ ኤሌትሪሺያን፣ ኢተያ