ያልተሸጠውን አክሲዮን ማን ይወስደዋል?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

አዲስ አክሲዮን ሊሸጥ ነው የሚል ዜና ስታወጡ ሁሌ የምፈልገውን አንድ ነገር አጣበታለሁ። ካልተሸጠ ቀሪውን ማን ይወስደዋል?

እኔ አዳማ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። በእኛ ሥራ ደላላ አለ፣ ማሳ በቁሙ የሚገዛ ነጋዴም አለ። ደላላው ገበሬውን ከገዢ ያገናኛል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ሽንኩርቱ ቢበሰብስ እሱን አይነካውም። ማሳ የገዛው ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቷል፤ ዋጋ ቢወርድ ኪሳራው የራሱ ነው። ለዚህ ነው ቆቃ ስንወርድ ዳር ዳሩን አይተን የማንመለሰው። መሀል ገብተን እንነቅላለን። አንገቱን ጫን አድርገን እናያለን፣ ለሁለት እንሰነጥቀዋለን።

አንደርራይቲንግ የሚባለውም ከዚህ አይርቅም። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ የኢንቨስትመንት ባንክ ሁሉንም ቀድሞ ይገዛዋል። ለሕዝብ በ100 ብር የሚሸጠውን ለምሳሌ በ95 ብር ይወስዳል። 5ቷ ብር የድካሙና የስጋቱ ዋጋ ናት። ካልተሸጠለት እጁ ላይ ይቀራል። "የቻልኩትን ያህል ልሽጥልህ" ብሎ የሚዋዋልም አለ፤ እሱ ደላላ ነው።

ስጋቱ ደግሞ የምር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 የእንግሊዝ መንግሥት በነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ያለውን ድርሻ ሊሸጥ የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 330 ፔንስ ብሎ ከቆረጠ በኋላ የዓለም የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ሕዝቡ ሸሸ። ካልተሸጠ እንወስዳለን ብለው ዋስ የገቡት ባንኮች ግን ከገበያው በላይ ከፍለው መውሰድ ነበረባቸው።

በእኛው አገር በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሻጩ መንግሥት ስለሆነ ቀሪው እጁ ላይ ቢቆይም ድርጅቱ ሥራውን ቀጥሏል። ገና የሚመሠረት ድርጅት ሲሆን ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ልጅ የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ ይበሉ" አለኝ። 50 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ 2,500 ብር ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ። አክሲዮኑ አላለቀም፤ ካፒታሉ አልሞላም፣ ድርጅቱም አልተመሠረተም። 50 ሺሁ ድርጅቱ እስኪመሠረት በማይነካ ዝግ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ከርሞ ተመለሰልኝ። 2,500ው ቀረ። በልጁ አልፈርድም፣ በኮሚሽን ነበር የሚሠራው። ያናደደኝ ለዚያ ድርጅት የራሱን ገንዘብ ያስያዘ አንድም ሰው እንዳልነበረ ማንም አለመንገሩ ነው።

ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 አለ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ስለ ራሱና ስለ ሽያጩ ለገዢው የሚገልጽበትን ሰነድ፣ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለውን፣ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስጸደቅ አለበት። ይህ ጥሩ ነው። ግን መግለጫው ወፍራም ነው፤ እኛ ገበያ ያለው ሰው ደግሞ የሚወስነው የእናንተን ዜና አንብቦ ነው። እባካችሁ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ካልተሸጠ እወስዳለሁ ያለው ማን ነው? ከስንቱ ስንቱን? በስንት ክፍያ? እንዲህ ያለ ሰው ከሌለም "የለም" ብላችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ